አንድም እሳት ያላጠፋችው እህታችን

የሲኒማ ቲኬት በስልክ የሚቆርጥ ፕሮግራም ሠርቶ ለሕዝብ ያበረከተው ያ የተከበረ መሥሪያ ቤት ሰውን በጾታው መዝኖ አያውቅም። ይህንንም መግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎታል። ጽሑፉን ያረቀቁት ዘጠኝ ወንዶች ናቸው፤ ሴት ያልተጨመረችበትም ሥራ እንዳይበዛባት ታስቦ ነው።

በዚህ ቤት ፕሮግራም የሚጽፍ ወንድ ሁሉ «ኢንጂነር» ይባላል። ከእነሱው ጋር ተምራ፣ ከአብዛኞቹ በተሻለ ውጤት የተመረቀችው ብቸኛዋ ሴት ግን የምትጠራው «እህታችን» ተብላ ነው። ፍቅር ነዋ! ሰባት ዓመት እንዲህ በፍቅር ስትጠራ ከኖረች በኋላ የምህንድስና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ቦታውን ትፈልገው ነበር፤ ፍላጎቷንም አልደበቀችም። ማመልከቻዋን ጽፋ፣ በሁለት ቅጂ አትማ፣ በእጇ አስገባች።

ሌላው አመልካች «እሳት አጥፊው» የሚል ስም የወጣለት ኢንጂነር ነው። ፕሮግራሙ በተበላሸ ቁጥር እጅጌውን ሰብስቦ፣ ምሳውን ትቶ፣ «ማንም እንዳይነካብኝ!» እያለ ጠረጴዛ እየደበደበ መሥሪያ ቤቱን ከውርደት የሚታደግ እሱ ነው። የሚያበላሸውም እሱ መሆኑ ጥቃቅን ጉዳይ ስለሆነ በሪፖርት ውስጥ አይካተትም። አዲስ ነገር ሲጨምር «ሙከራ የፈሪ ነው» ብሎ ሳይፈትሽ በቀጥታ ለሕዝብ ይለቀዋል። ከዚያ ይበላሻል፤ ከዚያ ይጠግናል፤ ከዚያ ይሸለማል። ሦስት ዋንጫ አለው።

ሥራ አስኪያጁ እህታችንን ለቃለ መጠይቅ አስጠሯት።

«ባለፈው ዓመት ስንት ብልሽት ጠገንሽ?»

«የኔ ድርሻ የወንበር ምደባው ነው። አልተበላሸም።»

«አንድም ጊዜ?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ። ከመልቀቄ በፊት እፈትሸዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ከልብ አዘኑላት። «ታዲያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«እንዳይበላሽ ነዋ ስሠራ የከረምኩት!»

«አየሽ? ትቆጫለሽ። ኃላፊ የሚሆን ሰው ረጋ ማለት አለበት።»

በዚህ መሐል እሳት አጥፊው በጎን ክፍል ወረቀት የነከሰችበትን የማተሚያ ማሽን እየሰደበ በእርግጫ ሲላት ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። «ወኔ ይሉሻል ይሄ ነው» አሏት።

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳት። «ምንም እንኳ ታታሪነትዎ የሚያስመሰግን ቢሆንም» ይላል፣ «በአገልግሎት ዘመንዎ አንድም እሳት አጥፍተው ስለማያውቁ፣ በተጨማሪም በስሜት የመናገር ዝንባሌ ስለታየብዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማናቸውም አስቸኳይ ጥገና ተገልለው፣ ለሴቶች አርአያ በመሆንዎ የምስክር ወረቀት እንዲበረከትልዎ ተወስኗል።» ኃላፊነቱ ለማን እንደተሰጠ መናገር አያስፈልግም። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አዲሱ ኃላፊ ሹመቱን በሥራ ሊያስመሰክር ፈለገና ሰባት ዓመት ያልተነካውን የወንበር ምደባ «ዘመናዊ ላድርገው» ብሎ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጨመረበት። የለቀቀውም የእህታችን የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በእንግዶች ሞላ፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ሴቶች ብቃት ለአርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ እህታችንም የምስክር ወረቀቷን ተቀብላ ተቀመጠች። ልክ በዚህ ጊዜ ደንበኛቸው የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ስልካቸውን እያዩ ብድግ አሉ።

«ምንድነው ይሄ? ሦስት መቶ ሰው ቲኬት ቆርጧል፤ ሁሉም የተሰጠው ወንበር ቁጥር አንድ ነው! ምን ላድርጋቸው? ልደራርባቸው?»

እሳት አጥፊው እጅጌውን ሰበሰበ። «ማንም እንዳይነካብኝ! በስድስት ሰዓት ውስጥ አድነዋለሁ!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ፊልሙ የሚጀምረው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው!» ብለው ጮኹ ባለቤቱ።

ሥራ አስኪያጁ በላብ ተጠምቀው ወደ እህታችን ሮጡ። «በፈጠረሽ፣ አንድ ነገር አድርጊ!»

«እኔ ከአስቸኳይ ጥገና ተገልያለሁ። ፊርማው የእርስዎ ነው።»

«ደብዳቤውን ተዪው! ቦታው ያንቺ ነው! ይኸው ሰው ሁሉ ይስማ፤ ከአሁን ጀምሮ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ!»

ልቧ ዘለለ። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ የተጨመረችውን መስመር አገኘቻት፣ አወጣቻት፣ ፕሮግራሙን እንደ ልማዷ ፈተሸችው፣ ለቀቀችው። ለሦስት መቶውም ሰው የየራሱ ወንበር ደረሰው። የፈጀባት አራት ደቂቃ ነው። ያን ቀን ቤቷ የገባችው በደስታ ነው፤ ለእናቷም ደውላ «ሾሙኝ!» አለቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። እሳት አጥፊው አጠገባቸው ተቀምጧል።

«የትናንቱን ጉዳይ በጥልቀት አጤንነው» አሉ። «በአራት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር መጀመሪያውኑ ችግር አልነበረም። ችግር ካልነበረ ደግሞ ያዳንሽው ነገር የለም ማለት ነው። ኢንጂነሩ ግን ስድስት ሰዓት እንደሚፈጅ ገና ሲያየው ገብቶታል። የጉዳዩን ክብደት መረዳት ማለት ይሄ ነው።»

«ቦታውስ?»

«እሱ ባለበት ይጸናል። አንቺን ግን አልረሳንም፤ ሁለተኛ የምስክር ወረቀት እየታተመልሽ ነው።»

አልተቆጣችም። ኮምፒውተሯን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ከፍታ ጥቂት ነካካችና ዘጋችው።

«ምን አደረግሽ?»

«ትናንት በሰው ሥራ ጣልቃ ገብቼ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የኃላፊውን መስመር ነቅዬ ወዳወጣሁበት ቦታ በክብር መልሼያታለሁ። ይኼ ደግሞ የሥራ መልቀቂያዬ ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ጋ ሳትደርስ የሥራ አስኪያጁ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። እሳት አጥፊው ተከትሏት እየሮጠ መጣ። ግራና ቀኝ አይቶ በሹክሹክታ ጠየቃት፦

«ስሚ እንጂ… የትኛዋ መስመር ነበረች?»

«ፈልጋት» አለችው። «ስድስት ሰዓት አለህ።»