መግቢያ የለውም

እኛ ሰዎች ያለ መግቢያ ምን እንችላለን? ጎረቤት ጨው ሊበደር መጥቶ «ጨው» እስኪል ድረስ የልጆቹ ጤና፣ የከብቶቹ ጤና፣ የዘንድሮ ብርድና የአምናው ብርድ ተራ በተራ ይነሳሉ። ሰውየው ወጡን እሳት ላይ ጥዶ መምጣቱን የምናውቀው ሽታው አጥር ዘሎ ሲደርሰን ነው። ልማዱን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ከዚሁ ልማድ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ቡራዩ ውስጥ በአማርኛ ለሚማሩ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሰዋስውና ድርሰት አስተምራለሁ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሦስት ቃል ነው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ።

አያንቱ የምትባል ተማሪ አለችኝ፤ ከኋላ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው በቁጠባ ነው። አንድ ቀን «የውኃ ጥቅም» በሚል ርዕስ ድርሰት አዘዝኩ። ሌሎቹ በሙሉ «ውኃ ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ነው» ብለው እንዳስተማርኳቸው ጀመሩ። እሷ ግን እንዲህ አለች፦ «ጀሪካናችን ሰልፍ ላይ ካደረ ሦስት ቀኑ ነው። እኛ ቤት እንተኛለን፣ እሱ ይጠብቃል።» ቀዩን እስክሪብቶዬን አነሳሁና «መግቢያ የለውም!» ብዬ ከዐሥር 3 ሰጠኋት። ወረቀቱን ሳልመልስላት ግርግሩ መጣ።

ግርግሩን ታስታውሱታላችሁ። አዲስ አበባን ገበሬው ማሳ ድረስ ያመጣታል የተባለው ማስተር ፕላን ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ሰዉን አስነስቶት ነበር። መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ከሰፈራችን ተወስደው ያልተመለሱ ልጆችም ነበሩ። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፤ ሁላችንም ፈርተን ነበር።

የእኔ ፍርሃት ግን ለብቻው ይወራለት። ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከኋላዬ አንድ ነገር «ጧ!» አለ። እግሬ ሳያማክረኝ ወፍጮ ቤት አስገባኝና ከጆንያዎቹ ጀርባ ተወሸቅሁ። «እመብርሃን ድረሺልኝ!» ብዬ የጮኽኩት ወፍጮው በቆመበት ሰዓት ስለነበር ሁሉም ሰማኝ። ከጆንያው ማዶ አንዲት ልጅ፣ ማን እንደሆነች አላየኋትም፣ «ዝም በሉ፣ ጎማ ነው» አለች። እውነትም የፈነዳው የሲኖትራክ ጎማ ነበር። ዱቄት እንደለበስኩ ቤቴ ተመለስኩና ሦስት ቀን አልወጣሁም። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ጉንፋን ነው አልኩ።

ትምህርት ቤቱ ሲረጋጋ ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ደቻሳ በጠዋቱ የተማሪዎች ሰልፍ ላይ ቆመው ከበላይ የመጣ ትእዛዝ አነበቡ። በእነዚያ ቀናት የቀረ ተማሪ ሁሉ ምክንያቱን የሚገልጽ የወላጅ ደብዳቤ ያመጣል፤ ያላመጣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የቀረ መምህርም ስለራሱ ይጽፋል። ዝርዝሩ ወዴት እንደሚሄድ አልነገሩንም፤ እኛም ስለምናውቅ አልጠየቅንም።

ከሰልፉ በኋላ ቢሯቸው ጠሩኝ። «አካም፣ ባርሲሳ» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ። አካም ሰላምታ ነው፣ ባርሲሳ ደግሞ መምህር ማለት ነው፤ በስሜ ሳይሆን በሥራዬ ሲጠሩኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። «አንተ የጽሕፈት ሰው ነህ። የክፍልህን ደብዳቤዎች አንብብ። የወላጅ ቃል የሆነውን ፈርምበት፣ የተጠራጠርከውን ለብቻ አስቀምጥልኝ።»

ሠላሳ ሁለት ደብዳቤ መጣልኝ። እጅ ጽሑፉ ሠላሳ ሁለት ዓይነት ነው፣ ከሥሩ የጣት አሻራ ያለበትም ሞልቷል። የመጀመሪያውን ከፈትኩ፦ «ላሚቱ ማክሰኞ ወለደች። ልጄ ከጥጃው ጋር ነበር።» ሁለተኛው የአንድ ግንበኛ ነው፣ ከወላይታ የመጣ፦ «ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ልጄ ሲሚንቶው ላይ ሸራ ይዞ ቆመ፤ እኔ ደግሞ ልጄ ላይ።» አረቄ የምትሸጥ እናት፦ «ልጄ ቤት ነበረች። ደንበኞቼ ይመሰክራሉ፣ ካስታወሱ።» የአንዱ አያት ደግሞ፦ «አልጋ ሥር የደበቅሁት እኔ ነኝ። ክፉ የሠራ ልጅ አልጋ ሥር ገብቶ አያንኮራፋም።»

እየሳቅሁ ሳነብ፣ ዐሥራ ምናምነኛው ላይ ሳቄ ቆመ። አንዱም መግቢያ የለውም! ልጆቹ በየእጃቸው ገልብጠውታል እንጂ የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው።

የአያንቱን የራሷን ደብዳቤ ፈልጌ አወጣሁ። «በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ» ይላል፤ እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከነሥርዓተ ነጥቡ። ለሠላሳ አንድ ልጅ ያልፈራች፣ ለራሷ ሲሆን ፈርታ የእኔ መግቢያ ውስጥ ተደብቃለች። ምን ልበላችሁ፣ ከጆንያ ጀርባ መደበቅን የሚያውቅ ሰው ነኝና አንጀቴን በላችው። ሠላሳ ሁለቱም ላይ «የወላጅ ቃል ነው» ብዬ ፈረምኩ። ለብቻ ያስቀመጥኩት አልነበረም።

የቀረው የእኔ ደብዳቤ ነው። ስለ ጉንፋን አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩ፤ መግቢያው ያምራል፣ ሐተታው ውሸት ነው። በማግስቱ ክፍል ገብቼ የስም መጥሪያውን ስከፍት እኔን ሆኖ የተጻፈ፣ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ።

«ሰኞ ዕለት ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ጎማ ሲፈነዳ ሰው ደነገጠ። ‹ዝም በሉ፣ ጎማ ነው› አልኩ። ለእኔ ግን እንዲህ የሚለኝ ሰው ስላልነበረ ሦስት ቀን ቤቴ ቆየሁ።»

ከጆንያው ማዶ ማን እንደነበረች ያኔ ገባኝ። የራሷን ጀግንነት ለእኔ ሰጥታ፣ ፍርሃቴን ደግሞ እውነቱን ሳትደብቅ አስከብራዋለች። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ። በራሴ እጅ ገለበጥኩት። አመል አይለቅምና ከላዩ አራት መስመር መግቢያ ጨመርኩበት።

ኦቦ ደቻሳ አነበቡ። እስክሪብቶ አነሱና መግቢያዬን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። «ይቺ ምን ታደርጋለች? ነገሩ እኮ ከዚህ ነው የሚጀምረው» አሉና ፈረሙ። ከክፍሌ አንድም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ያን ዕለት የአያንቱን ድርሰት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ውጤቷን በግልጽ ላስተካክል ብል «ምን አይተህ ነው?» ለሚለኝ መልስ የለኝም። ደግነቱ 3ን በግራ በኩል ከዘጉት 8 ይሆናል፤ ይህን ጥበብ ካርድ ላይ ከሚፍቁ ተማሪዎቼ ተምሬዋለሁ። ቀዩ እስክሪብቶ ቀለም ጨርሷልና ባገኘሁት ዘጋሁትና ሰጠኋት።

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ጠጋ አለችና፣ እያዘነችልኝ፦

«ቲቸር፣ ሦስቱ እኮ በቀይ ነው፤ የዘጉበት ግን ሰማያዊ ነው» አለችኝ።