ቁጥሩን ሳያዩ የማይናገሩት ጋሽ ይኸነው

ጋሽ ይኸነው መቼ ነው የሚተኙት? ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሳሰላስለው ኖሬያለሁ፤ መልስ አላገኘሁለትም። እኔ ሌሊት የማነብ ሰው ነኝ። መጽሐፌን አጥፌ መብራቴን ሳጠፋ የእሳቸው መስኮት ገና ይበራል። አንዳንዴ እልህ ይዞኝ ልበልጣቸው እሞክራለሁ፤ ወፍ ሲንጫጫ እጄን የምሰጠው እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሁሉም ስለ ሁሉም ነገር በሚፈርድበት አገር፣ «ሳላይ አልናገርም» እያለ የሞቀ ወሬ የሚያቀዘቅዝ ሰው። ዳንግላም ሳይኖር አይቀርም። እንጅባራ ላይ ግን ይህ ሥልጣን የተሰጠው ለክቡር ጋሽ ይኸነው ነው።

ሙያቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። የታወቁት ግን የናፍጣ መኪና ኮምፒውተር በመለየት ነው። ኮምፒውተር የሚባለው ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ የብረት ሣጥን ነው፤ ናፍጣ መቼና ምን ያህል እንደሚገባ ሞተሩን የሚያዘው እሱ ነው። ሁለት ሣጥኖች መንታ መስለው ትእዛዛቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል። የሚለዩት በላያቸው በተለጠፈች ወረቀት ላይ በተጻፈ ደቃቅ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሽ ይኸነው ለሚለምናቸውም፣ ለሚያስቸኩላቸውም፣ ለሚቆጣቸውም መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቁጥሩን አሳዩኝ።»

ችግሩ ይህ ጠባይ ጋራዥ ውስጥ አለመቅረቱ ነው። አንድ ቀን ጥሊሊ ገበያ ድንች ልንገዛ አብረን ሄድን።

«የትኛው ዘር ነው?» አሏት ሻጯን።

«ድንች ነዋ፣ አባባ!»

«ድንችነቱንማ አየሁት። ዘሩን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሴትዮዋ ወደ ጎረቤቷ ዞራ በአውንጊ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም ተንከተከቱ። ጋሽ ይኸነው አፋቸውን የፈቱት በአውንጊ ነው። ምን እንዳለች ብጠይቃቸው ምንም ቅር ሳይላቸው ተረጎሙልኝ፦ «ሊበላው ነው ወይስ ልጁን ሊድርለት? ነው የምትለው።»

የወንድማቸው ልጅ ፈረስ ገዝቶ ሊያስመርቅ ቢመጣ «እናቱን ታውቃታለህ?» ብለው ምርቃቱን አቆዩበት። ጤና ጣቢያ የሰጣቸውን ክኒን ከመዋጣቸው በፊት ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ፤ አንብበው ሳይጨርሱ ጉንፋኑ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። እኔም መጽሐፍ ባውሳቸው ስንተኛ እትም እንደሆነና የት እንደታተመ አጣርተው በማግስቱ መለሱልኝ። «ከመጽሐፉ ጋር ዛሬ ተዋውቀናል፤ ጨዋታውን ሌላ ቀን» አሉኝ።

በዚህ ሁሉ ስስቅ ቆየሁ፤ አንድ ቀን የእትዬ ሽታዬ ሚኒባስ ተበላሽቶ ቆመ።

እትዬ ሽታዬ ከእንጅባራ አዘና የምትሠራ ሾፌር ናት። ባሏ እንግዳው ካቻምና ሲሞት ዘመድ ሁሉ መኪናውን ሽጪው አላት፤ እሷ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መሪውን ያዘች። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። አሁን ግን ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ባለ ጋራዡ ምንይችል፣ ሳያይ መናገርን እንደ ሙያ የያዘው፣ ፍርዱን ሰጠ።

«ኮምፒውተሩ ሞቷል። ቀብሩ ነው የቀረው። ከዳንግላ አንድ አስመጥቼልሻለሁ፣ ቁርጥ እሱን!»

«ቁጥሩን አሳዩኝ» አሉ ጋሽ ይኸነው።

«ጋሼ፣ መልካቸውን እያዩ? ወንድማማች እኮ ናቸው!»

«ወንድማማች ከሆኑማ ሁለት ሰዎች ናቸዋ።»

«ባይስማማስ?» አለች ሽታዬ።

«ናፍጣውን ያለ ልኩ ካስገባው ሞተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ላያቃጥለውም ይችላል። ሳላይ አልናገርም።»

ሽታዬ ፊቷ ልውጥ አለ። ሞተሩ ከተቃጠለ ሌላ የላትም። የጋሽ ይኸነው መመርመሪያ ማሽን ደግሞ የሚሠራው ኮምፒውተሩ መልስ ሲሰጥ ነው፤ ይሄኛው ጭጭ ብሏል። የትኛው ሽቦ ምን እንደሚያመጣለት ለማወቅም ቁጥሩ ያስፈልጋል። ረዳቷ ውዱ የጋቢናውን ወንበር አንስቶ ሣጥኑን አወጣው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን፤ ቁጥሩ የለም። በቦታው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሳቸው ተቀምጠዋል።

«እንግዳው ነው» አለች ሽታዬ ቀስ ብላ። «መኪናዋን የገዛ ዕለት በእጁ የለጠፈው። ለሳቸው አደራ ሰጥቻታለሁ ብሎ።»

እንግዳው ማስቲሽ አልሰሰተም፤ ስዕሉን ያሳረፈውም ልክ ቁጥሩ ላይ ነው።

«እንግዲህ ጊዮርጊስን ይነሱልኝ ይበሉዋ!» አለ ምንይችል።

ጋሽ ይኸነው ኮፍያቸውን አወለቁ። «አንቺ እሺ ሳትይ አልነካውም።»

ሽታዬ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች። ስዕሉን በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችው። «ከተቀደደብኝስ፣ ጋሼ?»

እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ ሳላይ አልናገርም ይሏታል።

«አይቀደድም» አሏት።

ምንይችል ዞሮ አያቸው። እኔም አየኋቸው። ማስቲሹ ምን ያህል እንደያዘ አላዩም፤ ወረቀቱ ምን ያህል እንዳረጀ አላዩም። ሳያዩ ተናገሩ። ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ቀን ማታ መጽሐፌን ከፈትኩ፤ ገጹ አልገፋ አለኝ። የእሳቸውን መስኮት እያየሁ ወደዚህ ግቢ የመጣሁበትን ሰሞን አስታወስኩ። ብቻዬን መኖሬና ሌሊት መንቃቴ ሰፈሩን አስጨንቆት ነበር። አንዷ ፍቅር ጎድቶት ነው አለች። ሌላው መጽሐፍ አዙሮት ነው አለ። ጠበል የጠቆሙኝም ነበሩ። ጋሽ ይኸነውን ሲጠይቋቸው ግን ከቤቴ በር ኋላ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ፦ «ልጁን ገና አላወቅሁትም፤ ምን ልበላችሁ?» ከዚያ ወዲህ በሰላምታ እንጂ በጥያቄ አስቸግረውኝ አያውቁም። ያወቀኝ ሰው ባይኖርም፣ የማያውቀኝ መሆኑን ያወቀ አንድ ሰው ነበር።

ሲነጋጋ በሬን አንኳኩ። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል። እጃቸው በሳሙና ታጥቦ ታጥቦ የጋራዥ ሰው እጅ መሆኑ ቀርቷል። «መስታወት አለህ?»

ስዕሉ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። የፈረሱ ጭራ እንኳ አልጎደለም። ሌሊቱን ሙሉ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን እያለሰለሱ፣ ሣጥኑ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ እየጠበቁ ነው ያነሱት። የቁጥሩ መጀመሪያ ሣጥኑ ላይ ቀርቷል፤ መጨረሻው ግን ከስዕሉ ጀርባ ተጣብቆ፣ ተገልብጦ ነው የወጣው። መስታወቱን ያዝኩላቸው፤ አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

ጋራዥ ስንደርስ ምንይችል የዳንግላውን ሣጥን ይዞ ጠበቀን። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያቸው አንድ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ግን ይለያያሉ።

«ወንድሙ ነው» አሉት ጋሽ ይኸነው። «ወደ አገሩ መልሰው።»

ከዚያ በቁጥሩ የሽቦውን ንድፍ ስልካቸው ላይ ፈልገው አገኙ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ከወንበሩ ሥር ኮምፒውተሩን ከመኪናው አካል ጋር የምታገናኘው ሽቦ ዝጋ በአንድ ክር ብቻ ቀርታለች።

«ውዱ፣ መኪናዋን ወንዝ ውስጥ አስገብተህ ነው የምታጥባት?»

ውዱ የጋራዡን ጣሪያ ያይ ጀመር።

ሽቦዋ ተቀየረች። ሞቷል የተባለው ኮምፒውተር ወደ ቦታው ተመለሰ። ሽታዬ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ አንዴ አጉረምርሞ ተነሳ። አላጨበጨበችም፣ አላለቀሰችም፤ ስዕሉን ተቀብላ ከመሪው በላይ፣ ቁጥር በሌለበት ቦታ፣ አስቀመጠችው። «ጋሼ፣ እስከ አዘና አብረውኝ ካልሄዱ አላምናትም» አለች። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ።

መናኸሪያ ስንደርስ ተሳፋሪ ይጠባበቃል። ሽታዬ ጥሩምባ ልትነፋ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ጋቢና ውስጥ ጋሽ ይኸነው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ውዱ፣ ድምፁ ሌላ ጊዜ ጥሊሊ ድረስ የሚሰማው ውዱ፣ በሩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ «አዘና፣ አዘና» ይል ጀመር። ሰዉም በእግር ጣቱ እየረገጠ ገባ።

መቼ እንደሚተኙ ሳላይ እንዳልናገር ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።