«እርስዎ ይቅደሙ» የተባባሉት ሯጮች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ እዚሁ ኖርዌይ ነበርኩ፤ ግን አገሩ እንዳለ ተገልብጦ።

በእውኑ፣ ድልድይ በሚነድፍ አንድ ቢሮ ውስጥ ኢንተርን ከሆንኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የምታሠለጥነኝ ሲግሪድ የምትባል ሴት ናት። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፤ ሆኖም ባገሩ ልማድ በስሟ ብቻ ነው የምጠራት፤ አፌ ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይከብደኛል። በሕልሜ ቢሮ ስገባ እንደ ወትሮው «ደህና አደርሽ ሲግሪድ» ብላት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«በስሜ ትጠራኛለህ እንዴ? እትዬ በለኝ» አለች፣ ጥርት ባለ የጎጃም አማርኛ።

አማርኛዋ ምንም አልገረመኝም። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም ዛሬ የሥራ ቀን ስለሆነ ሥራ እንደሌለ፣ ስታዲየም እንደምንሄድ፣ ድልድይ ደግሞ እሑድ እሑድ ለመዝናናት ያህል ብቻ እንደሚሠራ አስረዳችኝ።

አውቶቡስ ተሳፈርን። በዚህ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከማያውቀው ሰው አጠገብ አይቀመጥም፤ ባዶ ወንበር እያለ ቆሞ መሄድ ይመርጣል። ሁለት ወር ሙሉ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የለም። በሕልሜ ግን ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ሁሉም ከእኔ አጠገብ ካልተቀመጥን ብለው ተጋፉ። አንድ ፂማም ሽማግሌ ጭኔ ላይ ተመቻችቶ ቁጭ አለና እስከ ስታዲየሙ በር ድረስ ስለ ጉልበቱ ሕመም ሲያጫውተኝ ሄደ። ሞቀኝ። ኖርዌይ ከገባሁ ወዲህ እንዲያ ሞቆኝ አያውቅም።

በሩ ላይ ሰልፉ ማለቂያ አልነበረውም። የተሰለፉት ትኬት ሻጮቹ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ ተመልካቹ ፊት ቀርበው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንዲገባላቸው ይለምናሉ። ተመልካቹ መታወቂያቸውን አገላብጦ ያይና ፎቶው አሮጌ ነው፣ ነገ ተመለሱ ይላቸዋል። እኔ ፊት የቀረበችው ሻጭ ሦስት ቀን መመላለሷን፣ አንድም ሰው እንዳልገባላት ነገረችኝ። አሳዘነችኝና ገባሁላት።

ሜዳው ላይ አሥር ሺህ ደጋፊ ቆሟል። በደጋፊው ወንበር ላይ ደግሞ ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እኛ ዝም ስንል ይሰድቡናል፤ ስንዘምር ዜማው ተበላሸ ብለው ፀጉራቸውን ይይዛሉ። ዘጠኝ ቁጥር የለበሰው ወደ እኔ እየጠቆመ ያ ጥቁር ኮት የለበሰው ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ይቀየር አለ። ልክ ነበር፤ መዝሙሩን አላውቀውም።

ጨዋታው ተጀመረ፤ የሚጫወቱት ደጋፊዎቹ ናቸው። ኳሷን የሚጠሯት አንቱ እያሉ ነው። ከመምታታቸው በፊት «ይፍቀዱልኝ» ይሏታል፣ ከመቷት በኋላ ሮጠው ሄደው ተጎድታ እንደሆነ ይጠይቋታል። ዳኛው ኳሷ በወጣች ቁጥር ለራሱ ቢጫ ካርድ ያሳያል። አንድ አጥቂ በረኛው ፊት ደርሶ ቆመ።

«በሞቴ አግባ» አለው በረኛው።

«አይሆንም፣ ጠግቤያለሁ።»

«እኔ ልሙት!»

አጥቂው ፊቱን እንዳኮሳተረ አገባ። በረኛው ግን አለቀቀውም። አንድ ጎል ያጣላል ብሎ እጁን ይዞ ሁለተኛውን አስገባው፤ ሦስተኛውን እንዲጨምር ሊያደርገው ሲል አጥቂው ሆዱን ይዞ ሸሸ። የውጤት ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የገባው ጎል ብዛት ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተለመነ ነው።

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የሩጫ መም ላይ ነበርኩ። እትዬ ሲግሪድ የጫማዬን ክር ታስርልኛለች። ባዕድ ሰው በዚህ ውድድር እንዲሳተፍ ዋስ ያስፈልጋል፤ እሷ ፈርማልኛለች።

«አደራህን፣ አታሳፍረኝ» አለችኝ።

ሩጫው አሥር ሺህ ሜትር ነበር። እንደተነሳን ደረስን። ነገር ግን መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ ሁሉም ቀጥ አለ።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ኧረ ምን ሲደረግ፣ እርስዎ እያሉ?»

«በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«በቁመት ደግሞ እርስዎ።»

ቀስ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አንዳንዶቹ በመጡበት ቁምጣ እንደቆሙ ፂማቸው ደረታቸው ድረስ ወርዷል። አንዱ መስመሩ ዳር ድንኳን ተክሎ ልጆቹ ምሳ ያመላልሱለታል። ከጎኔ የቆመው ሯጭ አባቱ እዚህችው መስመር ላይ እንዳረፉ፣ አንድም ሰው ሳይቀድሙ ንጹሕ ሆነው እንደተቀበሩ በኩራት አጫወተኝ። እኔ ደግሞ ላቤ ደርቆ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል። ኮቴ ከመስመሩ ማዶ፣ አንድ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። አለፍኩና አነሳሁት።

 እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። በድምፅ ማጉያው የሚያስተላልፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እንግዳ አንደኛ መውጣቱን አሳወቀ። አራት ሰዎች የወርቅ ሜዳሊያውን ተሸክመው መጡ። የወፍጮ ድንጋይ ያክላል። አንገቴ ላይ ሲያጠልቁልኝ ወገቤ ጎበጠና ከዚያ በኋላ የማየው የሰው ጫማ ብቻ ሆነ።

ቀና ማለት ስችል ፍርድ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ዳኛው ፍኖተ ሰላም አንደኛ ደረጃ ስማር የስፖርት አስተማሪዬ የነበሩት ጋሽ ጥጋቡ ናቸው። ያንኑ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብርቱካን ይልጣሉ።

«ናሁሠናይ፣ አንደኛ የወጣኸው ሆን ብለህ ነው በስህተት?» አሉኝ።

«ኮቴን ልወስድ ብዬ ነው ጋሼ፤ በርዶኝ።»

«ሌላው ሰው አልበረደውም?»

 ጋሽ ጥጋቡ ብርቱካናቸውን በልተው ሲጨርሱ ፍርዱን አነበቡ። የአበባ ጉንጉን አጥልቄ፣ በክፍት መኪና፣ በማርሽ ባንድ ታጅቤ ከተማውን እንድዞር፣ ከዚያም ሻምፒዮን ተብዬ ወደ አገሬ እንድባረር። ዋሴ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የቢሮው ዋና ሥራ አስኪያጅ እንድትሆን።

እትዬ ሲግሪድ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ነገ ጎረቤት ፊት አለቃ ሆና እንዴት እንደምትታይ እያነሳች አለቀሰች። እኔን ስለ ራሴ አልጨነቀኝም። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጓንት እንደሌለኝ አይታ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንት ያስቀመጠችልኝ እሷ ናት። ሜዳሊያዬን እየጎተትኩ በጉልበቴ ሄጄ ጋሽ ጥጋቡ እግር ላይ ወደቅሁ። አንድ ዕድል ብቻ ለመንኩ።

ብዙ አሰቡ። መቶ ሜትር እንድሮጥ፣ መጨረሻ ከወጣሁ ፍርዱ እንዲሻር ፈቀዱ።

ተጋጣሚዎቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ እማማ ጉድሩን የሚባሉ የዘጠና ሁለት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከመጨረሻ ደረጃ ያወረዳቸው የለም። ሁለተኛው የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አባል የሆነ ቀንድ አውጣ ነው፤ አሠልጣኙ ጆሮው ሥር ተንበርክኮ እንዳይቸኩል ይመክረዋል። ሕጉ አጭር ነው፦ ያለ ሥራ መቆም ክልክል ነው።

ፊሽካ ተነፋ። እማማ ጉድሩን ካልሲ እየሠሩ ነበር፤ አንድ መደዳ ሲጨርሱ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ቀንድ አውጣው ቀንዱን አወጣ፣ አሰበ፣ መልሶ አስገባ። እኔ የቻልኩትን ያህል ብዘገይም ስምንት እርምጃ ቀድሜያቸው ተገኘሁ። እትዬ ሲግሪድ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያኔ መሙ ዳር ከቆሙ አንድ ደጋፊ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደህና ነዎት?»

«ደህና።»

«ልጆች ደህና ናቸው? ባለቤትዎ? ጎረቤት? ከብቱ ደህና ነው?»

ከብት አልነበራቸውም፤ ግን ከብት ባይኖራቸውም ደህና መሆናቸውን ነገሩኝ። እኔም ስለ እናታቸው ጠየቅሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። የቀንድ አውጣው አሠልጣኝ ይህ ማጭበርበር ነው ብሎ አቤት አለ። ጋሽ ጥጋቡ የሕጉን መጽሐፍ ገልጠው፣ ሰላምታ ሥራ ነው፣ እንዲያውም ከባድ ሥራ ነው ብለው ፈረዱ። ሜዳው ላይ አሥር ሺህ ሰው ነበር። የአሥር ሺህ ሰው ቤተሰብ በየስሙ መጠየቅ ጀመርኩ። ማንም አልተሰላቸም። አንዳንዶቹ ሰው ከጠየቃቸው ዘመን እንዳለፈ እየነገሩኝ እጄን አልለቅ አሉ።

እማማ ጉድሩን ክራቸው አለቀ። ካልሲውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ያለ ሥራ መቆም አይቻልምና አልፈው ሄዱ። ቀንድ አውጣውም ከብዙ ማመንታት በኋላ መስመሩን ሲያልፍ አሠልጣኙ ቱታውን ገልቦ ፊቱን ሸፈነ። እኔ ገና ሦስተኛው ረድፍ ላይ የአንድ ሰውዬ አክስት ደህና መሆኗን እያጣራሁ ነበር።

መጨረሻ ወጣሁ። ሜዳሊያውን ከአንገቴ ሲያወርዱት ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝ። የእትዬ ሲግሪድ ሹመት ተሰረዘላት። መጥታ አቀፈችኝ።

«ልጄ፣ እንዳንተ ወደ ኋላ የቀረ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አለችኝ እያለቀሰች።

ደጋፊው እንዳለ ተሸከመኝ፤ እግሬን ወደ ላይ፣ ራሴን ወደ ታች አድርጎ። ተጫዋቾቹ ቆሏቸውን ጥለው በስሜ ዘመሩ፤ ያን መዝሙር አውቀው ነበርና አብሬ ዘመርኩ። «ናሁ፣ ናሁ» እያሉ መሬቱን በእግራቸው ደበደቡት። ድብደባው እየቀረበ፣ እየበረታ መጣ።

ነቃሁ። የሚደበደበው የቤቴ በር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ከፈትኩ። ሲግሪድ አምስት የቢሯችንን ሰዎች አስከትላ ቆማለች፤ ሁሉም ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል፣ ካናቴራው ላይ የእኔ ፎቶ ታትሟል። ደስታዋ አላናግራት እያለ ነገረችኝ። ዛሬ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚወዳደሩበት የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። የእኛ ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳትፎ አንድ ጊዜም ከመጨረሻ ፈቅ አላለም። የኢንተርንነት ማመልከቻዬ የመጣ ዕለት፣ የትምህርት ማስረጃዬን ሳያዩ አገሬን አይተው አስመዝግበውኛል። ድንገት ሊያስደስቱኝ ብለው ሁለት ወር ሙሉ ምሥጢሩን ጠብቀዋል። የከተማው ጋዜጣ ጽፎታል፤ ከንቲባዋም ታች መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ነው።



«ሲግሪድ፣ እኔ በሕይወቴ ሮጬ አላውቅም» አልኳት። «ታክሲ ለመያዝ እንኳ አልሮጥም፤ የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው።»

ወደ ጓደኞቿ ዞራ አየቻቸው። ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስለ ሯጮቻችሁ ትሕትና አንብቤ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልመሰለኝም» አለችና አንድ ቁጥር የተጻፈበትን ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ ታያይዝልኝ ጀመር።