መሸኛ ያጡ እጆች

ትናንት ማታ ጎኔ ፍራሹን ከመንካቱ ሕልም ይዞኝ ሄደ። ተናድጄ ስለተኛሁ ይሆናል። የወረዳችን የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ወይዘሮ እቴነሽ በቀደም መጥታ፣ የምኖርባትን አንዲት ክፍል በዓይኗ ለክታ፣ "ይቺ እንኳን ለልጅ ለድመትም ትጠባለች" ብላኝ ነበር። የአራት ዓመቷ ልጄ ሐመልማል ከእኔ ጋር ትቆይ ወይስ ማሳደጊያ ትግባ የሚለውን ኮሚቴ ይወስናል አለች። "ሳምጥ ኮሚቴው የት ነበር?" አልኳት።

በሕልሜ በሬን ስከፍት የወረዳው ሠራተኞች በሙሉ፣ ከኃላፊው እስከ ጥበቃው፣ ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። አንገታቸው ላይ የለሃጭ ጨርቅ ታስሯል። ሁሉም ንፍጣቸው ወርዷል። ኃላፊው ከፊት ነበር።

"እትዬ፣ አፍንጫዬን ይጥረጉልኝ" አለኝ።

"መሐረብ የያዘችው ስብሰባ ላይ ናት።"

"መቼ ልምጣ?"

"ከሰዓት ሞክር። ሲስተም ከመጣ።"

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወዲያው ቤቴ ቢሮ ሆነ። ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ቀይ ዶሮ መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። ደረቷ ላይ "የልጅ አስተዳደግ ከፍተኛ ባለሙያ" የሚል ባጅ ተንጠልጥሏል።

"የእናትነት ሥልጠና ወስደሻል?" አለችኝ።

"አልወሰድኩም። ማንባትም ያስተማረኝ የለም፤ ግን አነባለሁ።"

"መልስ አታብዢ።"

"እርስዎስ ስንት አሳድገዋል?"

"አሥራ ሁለት ፈልፍያለሁ።"

"የት አሉ?"

"ጭልፊት ወሰዳቸው። ሥልጠናውን ግን በከፍተኛ ውጤት ጨርሻለሁ" አለችና ማህተሙን እንደ እንቁላል ታቀፈችው።

ከዚያ ሐመልማል ከረባት አድርጋ ገባች። ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክንድ የሚለካበትን ባለቀለም ጥብጣብ ከኪሷ አውጥታ ክንዴ ላይ ጠመጠመችው።

"ቢጫ ነሽ" አለች። "ቁጣ በዝቶብሻል።"

"ማን አናደደኝና?"

"ጥያቄ በጽሑፍ ነው።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ እንቅልፏ መጣ። ከረባቷን እንዳሰረች ዓይኗን አሸች፣ ማልቀስ ጀመረች። ሠራተኞቹ ከነንፍጣቸው ተንጋግተው ገብተው ከበቧት። ኃላፊው "እሹሩሩ ይባልላት የምትሉ እጅ አውጡ" አለ። ጥቂቶች አወጡ። ጥበቃው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ዶሮዋ "ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ልጅቷ አትተኛም" ብላ ወሰነች።

"እማዬ!" አለች ሐመልማል።

"እማዬ የሚባለው በደብዳቤ ነው" አላት ኃላፊው።

ላቅፋት ተንደረደርኩ። ደርሼ እጄን ልዘረጋ ስል የሹራቤ እጅጌ ባዶ ነው። ግራውም ቀኙም።

"እጆቼ የታሉ?"

"ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል" አለች ዶሮዋ ቀና ሳትል። "መሸኛ አጽፊና ሄደሽ አምጫቸው።"

"መሸኛውን በምን ልቀበል? በምንስ ልፈርም?"

"እሱ እኛን አይመለከትም።"

ሐመልማል ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ቆመች። እኔ ከነባዶ እጅጌዬ ፊቷ ቆምኩ። ማንም አልሳቀም። ዶሮዋ ማህተሙን ጠረጴዛው ላይ መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ደግማ…

በሬ ነበር የሚንኳኳው። ነግቷል። መጀመሪያ ያየሁት እጆቼን ነው፤ አሉ። ሐመልማል አንዱን ተንተርሳ ተኝታለች። እንዳትነቃ ቀስ ብዬ አወጣሁትና ከፈትኩ።

ወይዘሮ እቴነሽ ናት። ትንሽ ልጇን አዝላለች።

"የኔ እህት፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ" አለች ልጁን ከጀርባዋ እያወረደች። "ሠራተኛዬ ጥላኝ ሄደች፤ የወረዳው የሕፃናት ማቆያ ደግሞ ከተመረቀ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። እስከ ምሳ ብቻ ያዢልኝ። ስብሰባ አለብኝ።"

"የምን ስብሰባ?"

መሬት መሬት አየች። "ያው… ያንቺው ጉዳይ። ዛሬ ይወሰናል።"

"እና ልጅዎን እኔ ጋ ይተዉታል?"

"ታዲያ ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?"

"ነገ ይመለሱ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ ግን እጁን ዘረጋልኝ። እኔም እጅ ነበረኝ፤ ተቀበልኩት።

እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ጥቂት ከራቀች በኋላ ዞር አለች። አንዴ ፍራሹ ላይ የተኛችውን ልጄን፣ አንዴ ያቀፍኩትን ልጇን አየች።

"ውይ!" አለች። "በዚህች ክፍል ሁለት ልጅ? ይኼማ ለኮሚቴው ሳይነገር አይታለፍም።"