ተፎካካሪ የሌለው ቅቤ

ለደባርቅ ሕዝብ ታላቅ ቀን ነበር። ጓድ ያርጋል አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ንግድና ማርኬቲንግ አጥንቶ፣ ኮምፒዩተር የሚባለውንም መኪና በገዛ ጣቱ ነክቶ ተመለሰ። የኅብረት ሱቃችን ኃላፊ ሆኖ ሲሾም አጨበጨብን። እኔ ፊደል ቆጥሬ ነው የተውኩት፤ እውቀት ግን አከብራለሁ።

በመጀመሪያ የገበያ ጥናት አካሄደ። በየቤታችን እየገባ ይጠይቃል።

«ቅቤ ይወዳሉ?»

«ቅቤ የሚጠላ ሰው አለ እንዴ?» አልኩት።

«ይወዳሉ» ብሎ ጻፈ።

መልሳችንን ተሸክሞ አዲስ አበባ ወረደና ኮምፒዩተሩን አማከረ። ዳር ዳሩ የተበሳሳ፣ እንደ መቀነት የረዘመ ወረቀት ይዞ መጣ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ዘርግቶ አነበበልን፦

«ሰፊው ሕዝብ ቅቤ ይወዳል። ሆኖም በዓመት ውስጥ ለሁለት ወር ያህል አንድም ነጋዴ ቅቤ ለገበያ አያወጣም። ይህ ተፎካካሪ የሌለበት ገበያ ነው!»

«ጓድ፣ እሱኮ ሁዳዴ ነው» አልኩት።

«ሁዳዴ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም።»

«እኛ ውስጥ አለ።»

«ኋላቀር አስተሳሰብ! በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

ተያዘ። ቅቤያችንም ከየቤታችን ለሱቁ ተያዘ። እኔ ቀኗ ለደረሰው ልጄ ለፋንታዬ፣ ለአራስ ገንፎዋ ያስቀመጥኩትን አንድ ቅል ቅቤ አልሰጥም ብዬ ነበር። አብዮት ጠባቂ መጥቶ እኔንም ቅሉንም ወሰደ። እኔን መለሰኝ።

ሁዳዴ ገባ፤ የቅቤ ሽያጩ በቀይ ጥብጣብ ተመረቀ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ጾም የሰነፍ ሰበብ መሆኑን ለረጅም ሰዓት አስተማሩን። ጓድ ያርጋል የመጀመሪያውን ቅቤ በስጦታ ሲያቀርብላቸው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ለፋሲካ አስቀምጥልኝ» አሉት። ሕዝቡም ቅቤውን እጅግ አደነቀና ተልባ ገዝቶ ሄደ።

ፋንታዬ ወለደች። ምጡ ጠንቶባት ስለነበር አቅም የሚባል አልቀራትም። አራስ ደግሞ አትጾምም። ወደ ሱቅ ሮጥኩ።

«ቅሌን ስጠኝ፣ ልጄ ወልዳለች!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ቅቤው ግን የሕዝብ ነው፤ መግዛት ይችላሉ።»

«የራሴን?»

«ደንበኛ ክቡር ነው። ሰልፍ ይያዙ።»

ሰልፍ ያዝኩ፤ ብቻዬን። በጌን ሸጬ የገዛ ቅቤዬን ገዛሁ። ፋንታዬ ገንፎዋን በልታ ነፍስ ዘራች። የቀረው ቅቤ ሱቅ ውስጥ ሸተተ።

ለዚያ አንድ ሽያጭ ጓድ ያርጋል ተሸለመ። ኮምፒዩተሩም ከእኔ ብዙ ተምሮ ኖሮ አዲስ ወረቀት አወጣ፤ በስብሰባ ተነበበልን፦

«በዚህ ወቅት ቅቤ የሚገዛው አራስ ያለበት ቤት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። ስለሆነም የማኅበሩ አባላት በሙሉ በመጪው ሁዳዴ እንዲወልዱ እቅድ ወጥቷል።»

አጨበጨብን። እኔም ከነሽበቴ እቅዱ ውስጥ አለሁበት።

ጎረቤቴ ጤናዬ እጇን አወጣች። «እቅዱስ መልካም ነው ጓድ። እንግዲያው ባሎቻችንን ከግንባር መልሱልን።»

ጓድ ያርጋል ወረቀቱን ጠቀለለ።

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው» አለ። «እናንተ በበኩላችሁ ጀምሩ።»