የግድግዳ ሙቀት በድምፅ ብልጫ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ቦታ፦ የዲዛይን ቢሮው ውስጥ፣ ፕሪንተሩ ያለበት ጠረጴዛ ዙሪያ
የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ አርክቴክቱ፣ የኢነርጂ መሐንዲሷ፣ ቀያሹ (ጸሐፊ)
ያልተገኘ፦ የለም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

በመሠራት ላይ ያለው የሕፃናት ማቆያ የመኝታ ክፍል ምዕራባዊ ግድግዳ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ በውስጥ በኩል ሲለካ 39 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ኮሚቴ ውሳኔ መሠረት 22 ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ልዩነቱ

ሰብሳቢው መሐንዲሷን “ማን ለኪ አለሽ?” ሲሉ ጠይቀዋል። መሐንዲሷ “ጋሼ፣ ተደግፌው ጀርባዬን ሞቀኝ። ቴርሞሜትር ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው” ብለዋል። ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ግድግዳው ወደተወሰነለት ሙቀት የሚመለስበት የጊዜ ሰሌዳ እንዲወጣ ተወስኗል። መላሹ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ጸሐፊውም አልጠየቀም።

አጀንዳ 2፦ 22 ከየት እንደመጣ

የሕንፃውን ሙቀት የሚያሰላው ሶፍትዌር ባለፈው ወር “የግድግዳ ገጽ ሙቀት” የሚል ባዶ ሳጥን አሳይቶ ነበር። ይህ ቢሮ ባዶ ሳጥን አይቶ አያልፍም። አርክቴክቱ 20፣ ሰብሳቢው 24 በማለታቸው በ22 ታርቀው በድምፅ ብልጫ ጸድቋል። ሶፍትዌሩም ክፍሉ ማራገቢያ እንደማያስፈልገው፣ የላይኞቹ መስኮቶችም ትርፍ እንደሆኑ አስልቷል። ሪፖርቱ ለማቆያው ባለቤት ተልኮ የምስጋና ደብዳቤ መጥቷል። ማራገቢያዎቹ ተሰርዘዋል፤ መስኮቶቹ ሐሙስ ጠዋት በብሎኬት ይደፈናሉ።

መሐንዲሷ፣ ቁጥር ከተሰጠው ሶፍትዌሩ ፀሐይ ብትወጣም ባትወጣም ግድግዳውን እዚያው ላይ አስሮ እንደሚይዘው አስረድተዋል። “ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚያቀዘቅዝ ግድግዳ ሰጥተነዋል፤ ታዲያ ማራገቢያ ምን ያደርግለታል?” ብለዋል። ሳጥኑ ባዶ ቢተው ግን ከፀሐዩ፣ ከአየሩና ከብሎኬቱ ራሱ ያሰላዋል። ሰብሳቢው ይህ ባለፈው ወር ለምን እንዳልተነገረ ጠይቀዋል። መሐንዲሷ ተናግረው እንደነበር፣ ነገር ግን በ“ልዩ ልዩ ጉዳዮች” ሥር እንደተያዘ አስታውሰዋል። ጸሐፊው አረጋግጧል።

አጀንዳ 3፦ ባዶውን ሳጥን ስለመሞከር

ተሞከረ። ሶፍትዌሩ 38 አለ። ሰብሳቢው ሶፍትዌሩ ያለ ምልዓተ ጉባኤ ብቻውን የወሰነው ስለሆነ ተቀባይነት እንደሌለው ተናግረዋል። አርክቴክቱ 22ንም 38ንም ላለማስከፋት 30 ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። መሐንዲሷ “አልሸሹም ዞር አሉ” ማለታቸው በጥያቄያቸው ተመዝግቧል። 30 በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ አልፏል። ከሦስቱ እጆች አንዱ የጸሐፊው ነው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

መሐንዲሷ በ30 የተሠራውን ስሌት አትመው አምጥተዋል፤ መስኮቶቹ አሁንም ይደፈናሉ። ወረቀቱ ሲዞር አርክቴክቱ የስድስት ወር ልጃቸውን በዚሁ ማቆያ እንዳስመዘገቡ ገልጸዋል። አልጋዋ በየትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚሆን ሲጠየቁ ምዕራባዊውን ግድግዳ በጣታቸው አሳይተዋል፤ ፕላኑን የሣሉት እሳቸው ናቸው።

ሰብሳቢው፦ “30 ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?”

አርክቴክቱ፦ “እኔ ነኝ። እኛ ተስማማን፤ ግድግዳው መች ተስማማ? ልጅቷን እዚያ አስተኝቼ ‘በድምፅ ብልጫ ነው’ ልበላት?”

ሰብሳቢው የምስጋናው ደብዳቤ ጉዳይ አንገት የሚያስደፋ መሆኑን ተናግረዋል። መሐንዲሷ “ጋሼ፣ አንገታችንን እንድፋ፤ መስኮቱ አይደፈን” ብለዋል። ሰብሳቢው ጸሐፊውን “ጻፍ” ብለዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ይህ ኮሚቴ ዛሬም ሆነ ባለፈው ወር ስለ ግድግዳው የወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሳጥኑ ባዶ ይቀመጣል። ሪፖርቱ ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በአራቱም ፊርማ ዛሬውኑ ይወጣል።

ሰብሳቢው በጉባኤው ፊት ለሥራ ተቋራጩና ለማቆያው ባለቤት ስልክ ደውለዋል። ሥራ ተቋራጩ ብሎኬቱ መራገፉን፣ የማቆያው ባለቤት ካላዘዙት እንደማያቆም ተናግሯል። የማቆያው ባለቤት በበኩላቸው “ባለፈው ወር እርግጠኛ ነበራችሁ፤ አሁንስ የትኛውን ልመን?” ካሉ በኋላ፣ ደብዳቤውን አንብበው ውሳኔያቸውን ነገ ከሰዓት በኋላ እንደሚያሳውቁ ገልጸዋል።

ስብሰባው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቷል።