ፈታኋት!

በየሰፈሩ መፍቻ የጨበጠ አንድ ሽማግሌ አለ። እሱ የሌለበት ሰፈር ገና አልተሠራም ማለት ነው። ይህ ሰው ቤቱ ባለሙያ ከሚገባ ጠላት ቢገባ ይመርጣል። «ለዚች ለዚች ሰው ይጠራል?» ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ ቤተሰቡ ባልዲ ፍለጋ ይሮጣል።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር መፍቻ ይባላሉ። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲያስሩ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ያገኙትን ሁሉ መፍታት ጀመሩ።

«በራስ እጅ መጠገን ጥቅሙ ብዙ ነው» ይላሉ። «አንደኛ ነገር፣ ቤትህን ታውቃለህ።» ሐሰት የለውም። የመኝታ ቤቱን በር ከጠገኑት ወዲህ በየትኛው ትከሻ ሲገፋ እንደሚከፈት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የኩሽናውም መብራት የሚበራው ሳሎን ገብተው ሲጫኑት ነው። ራዲዮኑን ፈትተው ሲገጥሙት ደግሞ አራት ብሎን ተረፈ። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» አሉ፣ ሳያፍሩ።

የባለቤታቸው የእትዬ ምላስ ስል ነው። «በዚህ ቤት ያልተፈታሁ እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወደ ገበያ ሲወጡ፣ «ከሰዓት እህቴ ትመጣለች» አሉ። «ከኩሽናው ቧንቧ ላይ እጅህን አንሳ። ባለሙያ ጠርቻለሁ።»

«ለዚች ለዚች?»

«አዎ፣ ለዚች ለዚች!»

የግቢው በር ሳይዘጋ ክቡርነታቸው ከመታጠቢያው ሥር ተጋድመው ነበር። ቧንቧዋን ያሰረችው ዳዶ ዝጋ ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለቻቸው። በመጨረሻ ንቅንቅ ስትል ደስታቸውን ብቻቸውን መሸከም አቃታቸው። ለቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ደወሉ። ጆሯቸው ትንሽ ስለከበደ የሰው ሁሉ ጆሮ የከበደ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ጮኹ።

«ፈታኋት! አዎ፣ ዛሬ! ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም፤ አርጅታለች፣ ዝጋለች! ካስቸገረችኝ አዲስ አስገባለሁ!»

ከአጥሩ ማዶ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤት እርጥቡን አንሶላ ጥላ ወደ ገበያ በረረች። እትዬን ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ! አይዞዎት!»

«ምን ሆንኩ ደግሞ?»

«ጋሼ ፈቱዎት! አዲስም አስገባለሁ ብለዋል! በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

እትዬ ሽንኩርቱን አስቀመጡ። «ሌላስ ምን አለ?»

«ዝጋለች አሉ… አፈር ልብላ!»

«ወይኔ ቧንቧዬን!» ብለው እትዬ ሮጡ። ሽንኩርት ሻጯ «ድንጋጤ አእምሮዋን ነካው» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ቤት ሲደርሱ ነጠላ ጫማዎቹ ኩሽናው ውስጥ ይዋኛሉ። ክቡር መፍቻ ከእግር እስከ ራሳቸው ርሰው፣ አውራ ጣታቸውን ቧንቧው ውስጥ ወትፈው ተቀምጠዋል። እትዬ የሚናገሩትን በመንገድ አሰናድተው መጥተው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን በሩ ተንኳኳ፤ ባለሙያው ነው። የባላቸው ፊት አመድ መሰለ።

«እባክሽ፣ አታስገቢው» አሉ በቀስታ። «እንዲህ ሆኜ አይየኝ።»

በአርባ ዓመት ትዳር እትዬን «እባክሽ» ሲሏቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ያሰናዱትን ስድብ ዋጡትና ወጡ። ባለሙያው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። በጆሮው አንሾካሾኩለት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ የውኃ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ጠርቅሞ ገባና ክቡርነታቸው አጠገብ በርከክ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን የዛገች ዳዶ እንዴት አድርገው ፈቷት? እኔ ብሆን በመጋዝ ነበር የምቆርጣት።»

አውራ ጣት ቀስ ብሎ ወጣ። «ዘዴ አላት» አሉ ክቡር መፍቻ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ሰዓት እሳቸው አስረዱ፣ የሰውዬው እጅ ሠራ። ሲሄድም በር ድረስ ሸኙት። «ይህስ ደህና ሰው ነው» አሉ ሲመለሱ። «ካስረዱት ይገባዋል።»

ወዲያው የእትዬ እህት ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ዓይኗ ቀልቶ ደረሰች። ወሬው መንገድ ላይ ተቀብሏታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ውኃ ሲጠርጉ ብታይ ግራ ገባት። ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ጠብ አላለም።

«ማነው የሠራላችሁ?»

እትዬ ቀና አሉ። ክቡር መፍቻ ወለሉን እያዩ መጥረጊያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ባሌ ነዋ!» አሉ እትዬ፣ ከአጥሩ ማዶ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።